አንድ ጀማሪ ፍለጋ

ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ ላይ፣ ሀሴት ግሩም ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሜዳ፣ አንዱ እግሩ በድንጋይ ከተደገፈ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ መዝገቡን ለአራተኛ ጊዜ ቆጠረች። አርባ ሦስት ስም አለ። ከአርባ ሦስቱ አርባ አንዱ "ችሎታ" በሚለው ዓምድ ሥር "ብቁ" ብለው ጽፈዋል። ሁለቱ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተመካክረው "መካከለኛ (ለጊዜው)" ብለዋል። "ጀማሪ" ያለ ሰው አልነበረም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሀሴት በከተማ ፕላን ትምህርት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልማ ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በስድስተኛ ወሯ፣ "የኮረብታ ግርጌ የብስክሌት መስመሮች አዘጋጅ ኮሚቴ" በሚባል፣ ሦስት ወንበርና አንድ ማኅተም ባለው ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ ከየካ እስከ እንጦጦ ካሉት መንገዶች መካከል፣ ሰው አገሩን እያየ በብስክሌት የሚሄድባቸውን መርጣ፣ እንደ ነጂው አቅም ከፋፍላ በካርታ ማውጣት ነበር። ሦስት መስመር አወጣች። ቀዩ ለብቁዎች ነው፤ ከሜዳው ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዘ እንጦጦ አናት ላይ ይወጣል፤ ሳንባ ያለው ሳንባውን የሚያውቅበት ዳገት ነው። ቢጫው ለመካከለኞች ነው፤ የኮረብታውን ወገብ ይዞ ወጣ ገባ ይላል። አረንጓዴው ግን ለጀማሪዎች ነበር፤ በጥላ ሥር፣ በቀስታ ቁልቁል እያለ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ ሜትር ተጉዞ መገናኛ አካባቢ ካለው የብስክሌት መንገድ ጋር ይቀላቀላል።

ከሦስቱ አብልጣ የምትወደው አረንጓዴውን ነበር። አራት ወር ሙሉ ሜትር ይዛ በእግሯ ተመላልሳበታለች። የትኛው የፍሳሽ መክደኛ ብረቱ እንደጎደለ፣ የትኛው የግቢ በር ሥር ውሻ እንደሚተኛ፣ ከየትኛው ጥግ ላይ ከተማው ከነክሬኖቹ ወለል ብሎ እንደሚታይ በማስታወሻዋ መዝግባለች። ከሁሉ በላይ ድንጋዮቹን ቆጥራለች። ሚዛኑ የከዳው ሰው ተንከባልሎ ሳይወድቅ አንድ እግሩን የሚያሳርፍባቸው፣ ከመንገዱ ዳር ያሉ ዐሥራ ሰባት ድንጋዮች።

መንገዱን በእግሯ መለካቷን ኮሚቴው ያውቃል፤ በትጋቷም አመስግኗታል። በእግሯ የለካችው ብስክሌት መንዳት ስለማትችል መሆኑን ግን ከራሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሀሴት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ሳትወጣ የቀረችበት ዓመት የለም። እንዲህ ያለ ሰው ሳይቸግረው በልጅነቱ ብስክሌት ላይ ወጥቶ በጎረቤት ፊት አይንከባለልም። ጓደኞቿ ጉልበታቸውን እየላጡ ሲማሩ እርሷ መስኮት ሥር ተቀምጣ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ታነብ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት የሚቀጥል ምዕራፍ አለቀ፤ ብስክሌቱ ግን እንዳለ ቆየ።

ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ የቅዳሜውን የሙከራ ጉዞ መዝገብ ከፍታ የመጀመሪያውን ስም ስትጽፍ፣ ካርታውን የሠራ ሰው አርአያ መሆን አለበት ብላ የራሷን አሰፈረች። "ችሎታ" የሚለው ዓምድ ላይ ስትደርስ እጇ ትንሽ ቆመ። ከዚያ "ብቁ" ብላ ጻፈች። ኅሊናዋ ስለቆረቆራት፣ ኋላ ተመልሼ አስተካክለዋለሁ በማለት፣ ዳር ባለው "ምርመራ" በሚለው ዓምድ ውስጥ ትንሽ ኮከብ አደረገች።

ማክሰኞ ዕለት የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ግልጽ ነበር። ካርታው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ቢያንስ አንድ ሰው በመስመሩ ደረጃ በአግባቡ ተመዝግቦ፣ የኮሚቴ አባል እያየው ያልነዳበት መስመር ይሰረዛል፤ ቦታውም ለመኪና ማቆሚያ ይውላል። ሀሴት ዐሥራ ሰባቱን ድንጋዮች አሰበች። እያንዳንዳቸው ላይ መኪና ቆሞባቸው ታዩዋት።

መጀመሪያ የሞከረችው ምሥጋና የሚባሉትን መምህር ነበር። ሄልሜታቸውን የፊቱን ወደ ኋላ አድርገው አጥልቀው በብስክሌታቸው ዙሪያ እየተንጎራደዱ ነበር።

"መምህር፣ ሄልሜቱ ተገልብጧል" አለቻቸው።

"አውቄ ነው። ፀሐዩ ከኋላ ነው የሚመጣው።"

"አረንጓዴው መስመር ምን ይመስልዎታል? ጥላ አለው፣ ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም።"

"ለእኔ?" አሉ መምህሩ፣ ዙሪያቸውን ማን እንደሰማ እየቃኙ። "እህቴ፣ እኔ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ'ኮ!"

"በብስክሌት?"

"በጂኦግራፊ። ዳገት ምን እንደሆነ አንቺ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?"

ሌላው የስድስት ዓመት ልምድ እንዳላቸው የሚገልጽ ማስረጃ አያይዘው ነበር። ሀሴት ስታነበው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አጎታቸው በብስክሌት ትምህርት ቤት ሲያደርሷቸው ከኋላ ተቀምጠው እንደነበር ይናገራል። "መንገዱን ግን አብሬ አይቻለሁ" አሏት፣ ቅር እያላቸው።

ብስክሌቶቹን ያመጣው ሱፊያን ይህን ሁሉ ዳር ቆሞ ይሰማ ነበር። ሱፊያን መገናኛ አካባቢ ብስክሌት የሚያከራይና የሚጠግን፣ ዕድሜው ሠላሳን ያለፈ፣ ምላሱ ከመፍቻው የሚሰላ ሰው ነው። አርባ ሦስቱን ብስክሌት በአይሱዙ ጭኖ ሌሊቱ ሳይነጋ ደርሷል።

"አትልፊ፣ ኢንጂነር" አላት። "እኔ ሳከራይ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። 'አልችልም' ብሎ የተከራየኝ አንድ ሰው የለም። ፍሬኑ የት ነው ብለው የሚጠይቁኝ ቁልቁለቱን ከጀመሩ በኋላ፣ እየጮሁ ነው።"

"ኢንጂነር አይደለሁም፤ ፕላነር ነኝ።"

"እሺ ፕላነር። ሱሪሽ ግን ንጹሕ ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ምንም። የብስክሌት ካቴና የነካው ሱሪ አይመስልም ማለቴ ነው።" ይህን ብሎ ጎማ ሊነፋ ሄደ። ሀሴት ቁርጭምጭሚቷን ከጠረጴዛው ሥር ሰበሰበች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብተወልድ ፊሽካቸውን አንሥተው በመነሻው መስመር ላይ ቆሙ። አቶ ሀብተወልድ ከቤታቸው ሲወጡ ከመነጽራቸው በፊት ማኅተሙን የሚፈልጉ፣ በደረት ኪሳቸውም ከነቀለም መርገጫው ይዘውት የሚዞሩ፣ ደግ፣ ሙሉ ልብስ ለባሽ ሰው ናቸው። ከሀሴት ቀጥሎ ሁለተኛው ስም የእርሳቸው ነበር፤ እርሳቸውም "ብቁ" ናቸው። ፊሽካውን ነፉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ይቅደሙ" አሉ አንዱ፣ አጠገባቸው ላሉት።

"ኧረ እርስዎ እያሉ!"

"በፍጹም። እኔ ከእርስዎ ፊት?"

"በሞቴ ይቅደሙ።"

"አይሙቱ፤ አልቀድምም።"

ነገሩ ከመነሻው መስመር እስከ ኋላ ድረስ እንደ እሳት ተያያዘ። ሁለት ጎረምሶች ማን ታናሽ እንደሆነ ለማረጋገጥ መታወቂያ አወጡ፤ የሦስት ወር ልዩነት ተገኘባቸውና የባሰ ተገባበዙ። አቶ ሀብተወልድ ሁለተኛ ነፉ። መምህር ምሥጋና፣ ሰብሳቢው ሳይነሡ መነሣት ነውር ነው አሉ። አቶ ሀብተወልድም፣ ሰብሳቢ እንግዶቹን ጥሎ አይነሣም አሉ። ሦስተኛው ፊሽካ ሲነፋ፣ ለአክብሮት ሲባል፣ ሰልፉ በሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

እንዲህ እየተባባሉ አርባ አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ እማማ ብርቄ መጡ። እማማ ብርቄ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት፣ የሰፈሩ ዕድር ተወካይ ናቸው። ነጠላቸውን ከሄልሜቱ በላይ አጣፍተውታል። "ኖር!" አለ ሜዳው ባንድ ድምፅ፤ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሁሉ ዱብ ዱብ አለ።

"በእግዜር፣ በእግዜር። ተቀመጡ ልጆቼ" አሉ እማማ ብርቄ። ማንም ተመልሶ አልወጣም።

ሀሴት ሮጣ ሄዳ ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እማማ፣ ብስክሌት ነድተው ያውቃሉ?" አለቻቸው።

"እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ! አላውቅም።"

"እንግዲያው ስምዎ ፊት 'ብቁ' ተብሏል፤ 'ጀማሪ' ብለን እናስተካክለው? መንገዱም ይቀልልዎታል።"

እማማ ብርቄ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። "ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ዕድሩ ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ፣ ብርቄ ትወክለናለች፣ ብቁ ናት ብሎ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። ሰባ ሁለት አባወራ የወሰነውን እኔ ብቻዬን ልሽር? ነገ ሞቼ ማን ሊቀብረኝ ነው?"

ሱፊያን ከሁሉ ዝቅ ያለውን ብስክሌት አመጣላቸው። እማማ ብርቄ መሪውን እንደ በቅሎ ልጓም ያዙና ኮርቻውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

"ይራገጣል?" ሲሉ ጠየቁት።

"ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲህ አብረን እንሄዳለን" አሉና ብስክሌቱን እየሳቡ ዳገቱን በእግራቸው ጀመሩት። የመቅደሙ ነገር በዚሁ ተፈታ፤ በዕድሜ የሚበልጣቸው አልነበረምና። አዲስ ነገር ግን ተወለደ፤ እንዲህ ያሉ እናት በእግራቸው እየሄዱ ከኋላቸው በብስክሌት ላይ መቀመጥን የሚደፍር አልተገኘም። አርባ ብቁ ብስክሌተኞች፣ ሰብሳቢው ጭምር፣ አርባ ብስክሌት እየገፉ በእግራቸው ወደ እንጦጦ አቀኑ። ሁለቱ የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ ከአንድ የኮሚቴ አባል ጋር በቢጫው መስመር ሹልክ ብለው ሄዱ።

ሀሴት ከመዝገቡ ጋር ቀረች። በቀዩ መስመር ላይ ብስክሌተኛ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ወርዶ መሳለሙ ስለማይቀር፣ ለየመሳለሚያው አራት አራት ደቂቃ ጨምራ ሰዓቱን አስልታ ነበር። ኮርቻ ላይ የወጣ ሰው ከሌለ ግን የሚወርድ የለም። እንግዲህ በስሌቷ መሠረት ሰልፉ ከታቀደው ጊዜ ይፈጥን ነበር ማለት ነው። ይህን አስባ ራሷን ያዘች።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከዳገቱ በእውነት እየነዳ የሚመጣ ብቸኛ ሰው ታየ፤ ሱፊያን ነበር። ብልሽት ቢገጥም ብሎ ሰልፉን ተከትሎ ወጥቶ ነበር።

"ስምንት መቶ ሜትር ሄደዋል" አላት።

"በአርባ አምስት ደቂቃ?"

"እማማ ሰው ባገኙ ቁጥር ደኅንነቱን ከነቤተሰቡ ይጠይቃሉ፤ ሰልፉ ይቆማል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጥለዋቸው አለፉ። አንዷ ዞር ብላ፣ 'እነዚህ ብስክሌቶች ታመው ነው ጠበል የምትወስዷቸው?' አለቻቸው።"

"ምን መለሱላት?"

"መምህሩ፣ 'አይደለም፣ እኛ ብቁዎች ነን' አላት። ሴትዮዋ፣ 'እግዜር ይማራችሁ' ብላ ሄደች።"

ሀሴት ሳቋ መጣ፤ ግን ሰዓቱን ስታይ ከጉሮሮዋ ተመለሰ። አምስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱ የሒሳብ ሠራተኞች በጭቃ ተለውሰው፣ አንደኛው ክርኑ ተልጦ፣ እንደ ልጅ እየተሣሣቁ ደረሱ። ቢጫው መስመር ዳነ። "ለጊዜው የሚለው ይሰረዝልን፤ መካከለኛ መሆናችንን አምነናል" አሏት። ያለ ሰብሳቢው ፊርማና ማኅተም ስርዝ ድልዝ ዋጋ እንደሌለው አስረድታ፣ አቶ ሀብተወልድ እስኪመለሱ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። አረንጓዴውን እንዲሞክሩ ስትለምናቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ከመካከለኛ ወደ ጀማሪ? ደረጃ ዝቅ የሚያደርግ ጥፋት አጠፋን እንዴ?"

በመንገዱ የሚያልፉትን ጠየቀች። ቦርሳ ያንጠለጠሉ አንዲት ሴትዮ ቆመው በጥሞና ካዳመጧት በኋላ፣ "ጀማሪ ብዬ ብፈርም ኋላ ልጆቼ ሥራ ሲፈልጉ አይመጣባቸውም?" አሉና ሄዱ።

በአምስት ሰዓት ከሩብ ሀሴት እስክሪብቶውን ይዛ ሱፊያን ፊት ቆመች።

"አንተ ፈርም።"

"ምን ብዬ?"

"ጀማሪ ነኝ ብለህ። ሁለት ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ ብቻ ነው። እባክህ።"

"እኔ?" ሱፊያን ፓምፑን መሬት ላይ አስቀመጠ። "እኔ'ኮ ከመገናኛ ኮተቤ መሪ ሳልይዝ፣ ብርቱካን እየላጥኩ የምሄድ ሰው ነኝ።"

"ለመስመሩ ስትል። ሕፃናት ይማሩበታል፣ እናቶች ይማሩበታል፤ ለአንድ ቀን ብትዋሽ ለእውነት ነው።"

"አየሽ፣ ፕላነር" አለ፣ ድምፁ ቀልዱን ትቶ። "እነዚያ የማይችሉትን እንችላለን ብለው ፈረሙ። እኔ ደግሞ የምችለውን አልችልም ብዬ ከፈረምኩ፣ መዝገብሽ ውስጥ ምን ቀረልሽ?" ከዚያ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወደ ጠረጴዛው አየ። "ለመሆኑ ይህን መዝገብ ማን ጀመረው?"

"ለምን ጠየቅህ?"

"ሰው መዝገብ ሲሞላ ጥያቄውን አያነብም፤ ከላዩ የተሞላውን ነው የሚያየው። እኔ ራሴ ለመታወቂያ ሄጄ፣ ከላዬ ያለው ሰውዬ 'ያገባ' ስላለ ያገባ ብዬ ሞልቼ መጣሁ። ይኸው ስድስት ዓመቴ፣ በሄድኩ ቁጥር ባለቤትህ ደኅና ናት ይሉኛል። ደኅና ናት እላለሁ።"

ሀሴት ወደ መዝገቡ ተመለሰች። የቆጠረችው የችሎታውን ዓምድ ብቻ ነበር፤ እስከ ዳር አላየችም። አሁን ጣቷን በ"ምርመራ" ዓምድ ላይ አድርጋ ከላይ ወደ ታች ወረደች። አንደኛው ተራ፣ የራሷ፣ ትንሽ ኮከብ። ሁለተኛው፣ አቶ ሀብተወልድ፣ ትንሽ ኮከብ። መምህር ምሥጋና፣ ኮከብ። ዕድሩ በጸሐፊው እጅ ለእማማ ብርቄ ያስሞላው፣ እርሱም ኮከብ፤ እንዲያውም ቀለም የተቀባ። አርባ ሰው፣ አንዲት የኅሊና ወቀሳዋን፣ ምን እንደሆነች ሳይጠይቅ፣ ተጠንቅቆ ቀድቷታል። ሁለቱ የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ በኮከቡ ፋንታ "አልገባንም" ብለው ጽፈዋል።

ያን ሁሉ ሰው ብስክሌት እያስገፋ ተራራ ያወጣው የሰዉ ትዕቢት አልነበረም። የእርሷ የእጅ ጽሕፈት ነበር። የእጅ ጽሕፈቷ ደግሞ ያምራል፤ ያሳምናል።

አምስት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ አቶ ሀብተወልድ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጠው፣ ብስክሌታቸውን እንደ እምቢተኛ በግ እየጎተቱ ከዳገቱ ወረዱ። ላብ በኮሌታቸው ይፈስሳል።

"እማማ ብርቄ ደክሟቸው ተቀምጠዋል። ሰውም ተቀምጧል። እኔ መዝገቡን ልዘጋ መጣሁ" አሉና ማኅተሙን ከደረት ኪሳቸው አወጡ።

ሀሴት ተነሥታ ቆመች። "አቶ ሀብተወልድ፣ ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ስርዝ ድልዝ አለብኝ። ተራ ቁጥር አንድ። 'ብቁ' የሚለው 'ጀማሪ' በሚል ይስተካከልልኝ።"

"ተራ ቁጥር አንድ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። ብስክሌት መንዳት አልችልም።"

አቶ ሀብተወልድ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "ታዲያ ካርታውን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በእግሬ።"

"ልጄ" አሉ፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ "ይህ ለበላይ አካል ምን ተብሎ ይጻፋል? የኮሚቴው ባለሙያ፣ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸላሚ፣ ጀማሪ ናት?"

"እንደዚያው ተብሎ ይጻፍ። እኔ ያልደፈርኩትን ሌላ ሰው እንዲደፍር መለመኔ ነው ስሕተቱ። መስመሩን ለሚወድቅ ሰው ብዬ ሠራሁት፤ ለመውደቅ ግን ሌላ ሰው ስፈልግ ዋልኩ።"

አቶ ሀብተወልድ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ አዘጋጅ አይመዘገብም የሚል አንቀጽ እንደሌለ አረጋገጡ። ከዚያ በተራ ቁጥር አንድ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩ፤ ሀሴት "ጀማሪ" ብላ ጻፈች፤ እርሳቸው ፈረሙ፤ ማኅተሙን እፍ ብለው መቱ። ጥላ ሥር የነበሩት የሒሳብ ሠራተኞች አጨበጨቡ። አቶ ሀብተወልድ ማኅተሙን ሲያነሡ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣ "ለመሆኑ… ከባድ ነው?" አሏት።

"አላውቅም። አይቼ እነግርዎታለሁ።"

ሱፊያን የኮርቻውን ቁመት ዝቅ አደረገላት። "ከኋላ እኔ እይዝሻለሁ። ዓይንሽን ከጎማው አንሺ፤ የምታይበት ነው የምትሄጂው" እያለ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አዳምጦ ፊቱ ተለዋወጠ። "እማማ ብርቄ ናቸው። ብስክሌቱ ተራግጦ አምልጧቸዋል። መምህሩ በሩጫ እያባረረው ነው፤ ሰልፉ ደግሞ መምህሩን እያባረረ ነው።" በአንድ ዝላይ ኮርቻው ላይ ወጥቶ ዳገቱን ተያያዘው፤ ከሩቅ፣ "ፍሬኑ በቀኝሽ ነው!" ሲል ተሰማ።

አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆነ። ከቢጫው መስመር የተመለሰው የኮሚቴ አባልም ሱፊያንን ተከትሎ ስለሮጠ፣ የቀረው አባል አንድ ብቻ ነው። አቶ ሀብተወልድ ኮታቸውን ቆለፉ፣ የማኅተሙን መርገጫ በግራ ብብታቸው ሥር አደረጉ፣ በቀኝ እጃቸው የብስክሌቷን ኮርቻ ጨበጡ።

"ደንቡ የኮሚቴ አባል እያየው ይላል እንጂ ይዞ አይልም" አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። "አይከለክልም ግን።"

እስከ መጀመሪያው ድንጋይ ድረስ መንገዱ ሠላሳ ሜትር ነው። ሀሴት ሁለት ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ አቶ ሀብተወልድ ወደቀች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ፣ ልክ እንዳሰበችው፣ እግሯ በምቾት ዐረፈበት። በሁለተኛውም ዐረፈበት። በሦስተኛው፣ ከተማው ከነክሬኖቹ ወለል ብሎ በሚታይበት፣ ቆማ ለመተንፈስ ብቻ ከተማውን አየች፤ አራት ወር የሄደችበት መንገድ እንዲህ ይወርዳል ብላ አታውቅም ነበር።

"ይዘውኛል?" አለች፣ ስትነሣ።

"ይዤሻለሁ" አሉ አቶ ሀብተወልድ እያለከለኩ። "ኮሚቴው በሙሉ ይዞሻል።"

አራተኛው ድንጋይ አለፈ፤ እግሯን ሳታወርድ። ውሻው ከበሩ ሥር ቀና ብሎ አይቷት ተመልሶ ተኛ። አምስተኛው አለፈ። ብረቱ የጎደለውን መክደኛ በቀኝ በኩል ዞረችው፤ ስድስተኛው ድንጋይ መድረሱን ያወቀችው ካለፈችው በኋላ ነው። የባሕር ዛፉ ጥላና ፀሐዩ በእጆቿ ላይ ይፈራረቁ ጀመር። ዞር ብላ ለማየት አልደፈረችም፤ ሱፊያን የምታይበት ነው የምትሄጂው ብሏታልና፣ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ ጮክ ብላ ተናገረች።

"አቶ ሀብተወልድ፣ ገና ዐሥራ አንድ ድንጋይ ይቀረናል። አደራዎን፣ እስከ መጨረሻው እንዳይለቁኝ።"

ካቴናው ይሽከረከራል። ነፋሱ በጆሮዋ ያልፋል፤ የአቶ ሀብተወልድ ማለክለክ ግን ከኋላዋ አይሰማም።

"አቶ ሀብተወልድ? እባክዎ፣ አይልቀቁኝ።"